እጅ ያነሳ ሁሉ

ሠላሳ አንድ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው እግር እንዳለው ትዝ የሚለው ፍሬን ሲይዝ ብቻ ነው። አቋራጭም እንዲሁ ነበር። «አቋራጭ» እናቱ ያወጣችለት ስም ሳይሆን ትልቁ ከተማ የለጠፈበት ቅጽል ነው። መንገድ ሲዘጋጋ ሌላው ሹፌር ጥሩምባውን ያስጮሃል፤ እሱ ግን መሪውን ጠምዝዞ በሆስፒታል የፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ይወጣል፣ የገበያ መሐል ይሰነጥቃል፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ይሻገራል። አንድ ጊዜማ ሙሽራ ጭኖ ሲከንፍ በሌላ ሰው የሠርግ ግቢ ውስጥ አልፏል። ሁለቱ ሙሽሮች በመስኮት ተያይተው ነበር ይባላል፤ የትኛው ይበልጥ እንደተጸጸተ ግን እስካሁን አልታወቀም።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። በትልቁ ከተማ ሳለች ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ሦስት አውቶቡስ ቀያይራ፣ ሁለት ሰዓት ተገፍታ ነበር ሥራ የምትገባው። «የታክሲ ሹፌር ሚስት በአውቶቡስ?» ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ እሷ ስትወጣ እሱ ሌላ ሰው ጭኗል። ሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸውን የኖሩት በር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ። አንዲት ልጅ መውለዳቸው ራሱ የሚገርም ነው።

ታዲያ ከወዲያኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ለሚስቱ ደብዳቤ መጣ። የጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አቋራጭ «እዚያ ሄጄ ማንን ልጭን ነው?» ብሎ ነገሩን ዘጋው፤ እሷም ዋጥ አደረገችው። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። አራተኛ እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሱትም። እሱም በበኩሉ መሪ በቃኝ ብሎ፣ የታክሲውን ቀለም አስቀይሮ የቤት መኪና ካደረጋት ሰንብቷል። መኪናዋ ግን ልቧ ታክሲ እንደሆነ ቀርቶ ነበር፤ ያ ደግሞ ኋላ ጉድ አመጣ።

«ሦስት ወር እቀመጣለሁ» አላት። «ካልተመቸኝ እንመለሳለን። ያኔ ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።»

ተስማማች። ጤና ጣቢያውም በሦስተኛው ወር መጨረሻ በቋሚነት እንድትፈርም፣ ካልፈረመች ቦታውን ለተከታይዋ ሊሰጥ ተስማማ። አቋራጭ ከመነሳታቸው በፊት አንዲት ደብተር ገዝቶ ሽፋኗ ላይ «ጉድለቶች» ብሎ ጻፈ። ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ የቀረው ማስረጃ መሰብሰብ ነበር።

ትንሿ ከተማ አንድ ዋና መንገድ አላት። ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። የእግረኛው መሄጃ ከመኪናው መንገድ ይሰፋል፤ ይህን ያየ ዕለት አቋራጭ በግሉ እንደተሰደበ ሰው ሆነ። በየሃያ እርምጃው አግዳሚ ወንበር ተተክሏል። ተቀማጩ አላፊውን ያያል፣ አላፊው ተቀምጦ ተቀማጩን ያጫውታል፣ ሲነሱ ደግሞ ይሸኛኛሉ፤ ሸኚው ሲመለስ ሌላ ተሸኚ ያገኛል። ከተከራዩት ቤት ዳቦ ቤቱ አራት መቶ እርምጃ ነው። ልብስ ሰፊው በመንገድ ላይ ነው፣ ፖስታ ቤቱ ከዚያ ቀጥሎ፣ ጤና ጣቢያው ሰባት ደቂቃ።

የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦ «አቋራጭ የለም።» ይህችን እንኳ በሦስተኛው ቀን ሰረዛት። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ በተሰበረ የእንጨት አጥር መሐል ሾልኮ ጤና ጣቢያው በራፍ ላይ የሚጥል ቀጭን መንገድ አገኘ። ሙያ ነው፤ አይረሳም። «አቋራጭ አንድ አለ። መኪና አያስገባም» ብሎ አስተካከለው።

ዳቦ የሚገዛው በመኪና ነበር። ሞተሩ እስኪሞቅ፣ የግቢው በር እስኪከፈት፣ መኪናዋ ዞራ እስክትወጣ፣ በእግሩ የሄደ ሰው ዳቦውን ገዝቶ፣ በልቶ፣ ፍርፋሪውን አራግፎ ይጨርስ ነበር። ቢሆንም መኪና እያለ በእግር መሄድ ለአቋራጭ ዣንጥላ በብብት ይዞ በዝናብ እንደመመታት ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ልብስ ሰፊው ከሱቁ በራፍ ቆሞ ነበር። ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው ጆሮው ላይ። መኪናዋ ስትቀርብ እጁን አነሳ። የአቋራጭ እግር ባለቤቱን ሳያማክር ፍሬን ያዘ። እጅ ያነሳ ሰው አይቶ ማለፍ እንኳን እሱ፣ መኪናዋም አልለመደችውም።

«ግቡ!» አለ፣ በሩን ከውስጥ ከፍቶ።

ልብስ ሰፊው ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሱቁ ውስጥ ሱሪው ግማሽ በግማሽ በመርፌ የተያዘ ደንበኛ ቆሟል። እንደገና ወደ መኪናዋ አየ። ከዚያ የእንግዳን የመጀመሪያ ቃል መመለስ የማይሆንለት ሰው ነበርና ገባ።

«ወዴት ነው?»

«እርስዎ ወደሚሄዱበት» አለ ልብስ ሰፊው፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ።

ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ «እዚህ ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወረደ፤ በመጣበትም መንገድ በእግሩ ተመለሰ። አቋራጭ በስፖኪዮው አየው። ብዙ ዓይነት ተሳፋሪ አይቷል፤ የሚሰክር፣ የሚያለቅስ፣ የሚተኛ፣ ሒሳብ ሳይከፍል የሚሮጥ። ደርሶ የሚመለስ ግን አላየም። ቤት ሲገባ ደብተሩን አወጣ፦ «ሕዝቡ ሰነፍ ነው። አራት መቶ እርምጃ ላለመሄድ እጅ ያነሳል።»

ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አልነበረውም። ፖስተኛው እጅ አነሳ፤ ግቡ። ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ ድረስ ዱቄት እንደሆነ አነሳ፤ ግቡ። አንዱ ፊቱን ግማሽ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ በመስኮት ብቅ ብሎ አነሳ፤ እሱንም ጠብቆ ጫነው። ሁሉም ይገባሉ፣ ሁሉም «እርስዎ ወደሚሄዱበት» ይላሉ፣ ሁሉም ስለ ጤናው ይጠይቁታል። አንዷ ለጉልበት የሚሆን ቅባት ጠቅልላ ሰጠችው። ሌላው «አይዞዎት፣ ያልፋል» ብሎ ወረደ። ምኑ ነው የሚያልፈው? አቋራጭ ደብተሩ ላይ «ነገረ ሥራቸው አይገባም» ብሎ ጻፈ።

ረቡዕ ረቡዕ የሚሳፈሩት አረጋዊቷ መምህርት ነበሩ። ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ አንድ ቃል የማይተነፍሱ ሴት። መስኮቱን እስከ ታች ያስከፍታሉ፣ አንዲት ላስቲክ ከረጢት ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይይዟታል፣ ዓይናቸውን ከፊት ለፊቱ መንገድ አይነቅሉም። አቋራጭ የሚያውቃቸውን ቀልዶች ሁሉ ሞከረባቸው። ንቅንቅ የለም። «መምህርቷ ኩሩ ናቸው» የሚል መስመር ለብቻቸው አገኙ።

ለሚስቱ ምሳ ላይ አጫወታት። በትዳራቸው ዘመን የሥራ ቀን ምሳ አብረው መብላት የጀመሩት እዚህ ከመጡ ነው፤ ይህን ግን ደብተሩ ላይ የሚጽፍበት ቦታ አጣለት፣ ሽፋኑ የሚለው ሌላ ነዋ።

«እኔ ሳያቸው በእግራቸው ነው የሚሄዱት» አለች ገርሟት።

«እኔ እስክመጣ ነዋ» አለ አቋራጭ።

ቀኑን ሙሉ ሰላም ሲሏት እጅ ስታነሳ የምትውል ሴት፣ ባሏ ይህንኑ ሰላምታ እንደማያውቀው በምን ትጠርጥር? በትልቁ ከተማ እጅ የሚነሳው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለታክሲና ለጸብ። ስለዚህ ሳቀችና ዳቦዋን ቆረሰች። ፊቷ ሞላ ብሏል። ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉራለች። አቋራጭ ይህንንም አይቷል፤ ስላየውም ነው የሦስተኛው ወር መጨረሻ ሲቃረብ እንቅልፉ እየሳሳ የሄደው። ሰው የፈረደውን ፍርድ መፈጸም ሲያቅተው እንዲህ ያደርገዋል።

ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው የመኪናዋ ክላች ተቃጠለ። መካኒኩ ከሥር ተኝቶ አይቶ ሲወጣ ተገርሞ ነበር። ይህች መኪና ሦስተኛ ማርሽ የሚባል ነገር ረስታለች፣ ምን ላይ ነው የከረመችው ሲል ጠየቀው። አቋራጭ «ሥራ ላይ» አለው። ዕቃው እስኪመጣ አምስት ቀን ይፈጃል ተባለ።

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ የለም። ሚስቱ ከወጣች ቆይታለች። አቋራጭ የመኪናውን ቁልፍ በልማድ ይዞ በእግሩ ወጣ፤ ዳር ዳሩን፣ ቀኙን ይዞ፣ መታጠፊያ ላይ ወደ ኋላ እያየ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ አንዱ ከወንበር ላይ እጅ አነሳለት።

«መኪናዋ ጋራዥ ናት» አለ አቋራጭ ቆሞ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሰውየው አፉን ከፍቶ እግሩን አየው። ቀጥላ አንዲት ሴት በመስኮት እጅ አነሳች። «ጋራዥ ናት!» አላት። ፖስተኛው ከወዲያ ማዶ አነሳ። «ጋራዥ!» አቋራጭ እየተናደደ መጣ። መኪና እንደሌለው እያዩት ምን አድርግ ነው የሚሉት? በጀርባዬ ልዘላችሁ ሊል ምንም አልቀረው። ከኋላው ግን ሹክሹክታ ይሰማዋል፣ መስኮት ሲከፈት ይሰማዋል፣ «ሄደ እኮ! በእግሩ!» የሚል ይሰማዋል። ቅባት የሰጠችው ሴትዮ ቅባቷ የሠራ መስሏት እንባዋን ስትጠርግ አያት።

ልብስ ሰፊው ሱቅ ሲደርስ ትንፋሹ አለቀና ገባ። በርጩማ ቀረበለት። ትንፋሹን እየሰበሰበ ዓይኑን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ የደንበኞች ልኬት የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተደርድረዋል። ከመሐላቸው አንዷ ልኬት አልነበረችም። ባማረ የእጅ ጽሑፍ «የጋሼ ግቡ ተራ» ትላለች። ሰኞ፣ ዳቦ ጋጋሪው። ማክሰኞ፣ እኔ። ረቡዕ፣ መምህርት። ሐሙስ፣ ፖስተኛው ከባለቤቱ ጋር። እንዲህ እያለች ትወርድና እሑድ ላይ «የተመቸው ሁሉ» ብላ ታበቃለች።

«ጋሼ ግቡ ማነው?» አለ አቋራጭ።

ልብስ ሰፊው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«የምን ተራ ነው ታዲያ?»

«እነግርዎታለሁ፤ እንዳይቀየሙ ብቻ። የመጀመሪያ ቀን ግቡ ሲሉኝ፣ ይኼ ሰው ብቻውን ነው፣ የሚያጫውተው ይፈልጋል አልኩ። ደግሞ ለአራት መቶ እርምጃ መኪና ሲያስነሱ፣ እግሩን ታሟል አልን። የታመመ እንግዳ ግቡ ብሎ እንዴት እንቢ ይባላል? ሰው ግን ሥራ አለው። አንድ ቀን አምስት ሰው ገብቶልዎት በማግስቱ ባዶ እንዳይሄዱ ብዬ ነው ተራ ያወጣሁት። እኔም ያን ቀን ደንበኛዬን ሱሪው በመርፌ እንደተያዘ ትቼው ነው የመጣሁት።»

አቋራጭ ቁልፉን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ። «እጅ የምታነሱልኝስ?»

«ደህና አደሩ ለማለት ነዋ» አለ ልብስ ሰፊው። «ሌላ ለምን ይነሳል?»

ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ትዝ አለው። ዱቄት የለበሰው ዳቦ ጋጋሪ ትዝ አለው፤ ያን ቀን የበላው ዳቦ አንድ ጎኑ አሮ ነበር፣ ደብተሩ ላይም «ዳቧቸው ያራል» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ ላስቲክ ከረጢቷ ትዝ አለችው።

«መምህርቷ ግን…»

«እሳቸውን ይተዉዋቸው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መኪና ከቶ አይስማማቸውም፤ ያስመልሳቸዋል። ረቡዕ ጠዋት ኪኒን ውጠው ነው የሚወጡት። ሲወርዱ እዚችው እርስዎ የተቀመጡባት ላይ አረፍ ይላሉ። ይቅርብዎት ብንላቸው፣ ተራ ተራ ነው ብለው ተቆጡን። አርባ ዓመት ሰው ሲያሰልፉ የኖሩ ናቸው።»

አቋራጭ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በታክሲ ሰልፍ ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ኖሯል፤ በዝናብ፣ በሐሩር፣ ከፊቱ ያለው መኪና እስኪንቀሳቀስ። ለእሱ ብሎ ተራ የያዘ ሰው ግን በዕድሜው ሙሉ አላጋጠመውም። ተነሳ፣ ሊሄድ ሲል ተመልሶ ወረቀቷን እንደገና አነበባት፣ ከዚያ ዳቦውን እንኳ ሳይገዛ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በመንገድ ላይ ሰባት ሰው እጅ አነሳለት። አልመለሰላቸውም፤ እንዴት እንደሚመለስ አያውቅማ።

ምሳ ሰዓት ሚስቱ ዳቦ ይዛ ገባች። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ወጥቶ አቧራው ተጠርጎ ቆሟል፤ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት እሷ ናት ያወጣችው። አቋራጭ ሲያየው ነው የዋለው።

«ፊርማው ነገ በሦስት ሰዓት ነው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትወቅስ ሳትቆጣ። «የማይሆን ከሆነ ዛሬውኑ ልንገራቸው። ተከታይዋ ስልኳን ይዛ እየጠበቀች ነው። ቃሌ ቃል ነው፤ ለምን አልልህም። ደብተርህ ሞላ?»

«አንድ ገጽ ቀርቶኛል።»

«ምን ልትጽፍበት ነው?»

ነገራት። ከልብስ ሰፊው ሜትር ጀምሮ እስከ መምህርቷ ኪኒን ድረስ አንድም ሳያስቀር። ገና መሐሉ ላይ ሲደርስ ሳህኗን ገፍታ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰች መስሎት ደነገጠ፤ ቀና ስትል ግን በሳቅ ፊቷ ቀልቷል።

«አንተ ሰውዬ» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ሰላም የሚሉህን ሁሉ አፍነህ ወሰድካቸው?»

«ግቡ ስላቸው ገቡ፤ እኔ ምን ላድርግ» አለ። ቀጥሎ፣ ሳህኑን እያየ፦ «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«መኪና የለህም።»

«በእግሬ ነዋ።»

ለአፍታ ያህል አየችው። ነገሩን ላትደግመውም ላታስደግመውም ወሰነች መሰል፣ ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ጉማጅ ወደ እሱ ገፋችለት። አቋራጭ ተነስቶ ሻንጣውን በእግሩ ወደ አልጋው ሥር መለሰው።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከትልቁ ከተማ ደውላ ነበር። አባቷ በእግሩ ዳቦ ቤት ሊሄድ መነሳቱን እናቷ ስትነግራት «እንቁላሉ ሄደ በይኛ!» ብላ ሳቀች። አቋራጭ ከጓዳ ሆኖ ሰምቷል፤ ዳቦ ቤቱ እንኳ እንዳልደረሰ ማንም እንዳያነሳበት ብሎ ዝም አለ።

ያው ማክሰኞ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ መካኒኩ መኪናዋን እየነዳ መጣ። አምስት ቀን አልጠበቀም፤ የራሱን መኪና ክላች ነቅሎ ገጥሞላታል። ጋሼ ግቡ ያለ መኪና እንዴት ይዋል፣ ሲጨንቀን ዋልን አለ። አቋራጭ አመስግኖ፣ ግቢ አስገብቶ፣ ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቀለ።

ረቡዕ ጠዋት ባልና ሚስት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በእግራቸው ወጡ። ሰባት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ለፊርማው አንድ ሰዓት ተኩል ይተርፋል። መምህርቷ በራቸው ላይ ቆመዋል፣ ላስቲክ ከረጢቷን አጥፈው ይዘው። መኪናዋ መዳኗን ሰምተዋል።

አቋራጭ ፊታቸው ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ዛሬ መኪና የለም። ከእንግዲህም ረቡዕ የለም። ይቅር ይበሉኝ።»

መምህርቷ መጀመሪያ እሱን አዩት፣ ቀጥሎ እግሩን።

«ኪኒኑን ውጬዋለሁ እኮ» አሉ።

ይህ ከእሳቸው አፍ የሰማው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው።

«እንግዲያውስ ኪኒኑ ከንቱ እንዳይቀር በእግርም ቢሆን አብረን እንሂድ።»

መምህርቷ ከረጢቷን ኪሳቸው ከተው በመሐላቸው ገቡ። መኪና ላይ ኩሩ የነበሩት ሴት መሬት ላይ አፋቸው ተፈታ፤ ያን አንድ ቀልዱን፣ የሙሽሮቹን፣ ያኔ ሊስቁ ሲሉ ከሆዳቸው ሌላ ነገር እንዳይመጣ ፈርተው እንደያዙት ነገሩት፣ አሁንም ከመጀመሪያው ጀምሮ አስደገሙት።

ከአንድ ቤት በራፍ እጅ ተነሳ። አቋራጭ የግራ እጁን በግማሽ ዘረጋ፣ ልክ ሊታጠፍ እንደሚያመለክት ሹፌር። መምህርቷ ቆመው አረሙት፤ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ፣ መዳፍ ወደ ፊት። በሁለተኛው ተሻለ። በአምስተኛው፣ በልብስ ሰፊው ፊት ሲያልፍ፣ ጠመኔው ከጆሮው ላይ እስኪወድቅ ድረስ አስገረመው። ልብስ ሰፊው ሱሪ ለማስረዘም የመጣ ደንበኛውን ትቶ ትንሽ ሸኛቸው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ የነበሩት ተነስተው ትንሽ ሸኙት፤ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞ ተጨመረ። አንዱ የሚስቱን እጅ ይዞ ያዋለደችለትን ልጅ ክብደት በኪሎም በግራምም ነገራት።

ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሚስቱ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ሰባት ደቂቃው ሰባ ደቂቃ ሞልቶታል፤ ጤና ጣቢያውም ገና መታጠፊያው ላይ ነው፣ በመሐል ደግሞ አራት ወንበር ሙሉ ሰው አለ።

«አንተ» አለችው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «እንዲህ ከሄድን እኮ ሳልፈርም ሊመሽ ነው። በአቋራጭ የሚያወጣ መንገድ የለም?»

አቋራጭ የፖስታ ቤቱን ግድግዳ፣ ከግድግዳው ጀርባ ብቅ ያለውን የተሰበረ የእንጨት አጥር አየ።

«የለም» አላት፣ እጁንም ለመጀመሪያው ወንበር አነሳ።